የአልዩ አምባው ዳኛና የቆርቆሮው አተር

ወልደአረጋይ የአልዩ አምባ ገበያ ዳኛ ሆኖ በተሾመ በሳምንቱ ከአንድ ቅል ውስጥ ከቅቤው ሥር የተደበቀ የተቀቀለ ዱባ አወጣ። ከዚያ ወዲያ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ይዞ ቅቤውንም ማሩንም እስከ ታች እየወጋ ይመረምር ጀመር። ድሀው መረቀው፤ ከእሱ በፊት ማር ገዝቶ ማር የበላ ጥቂት ነበርና።

ምርቃቱ ሲበዛበት ሕግ አወጣ፤ በዕቃው ላይ የተሣለው በውስጡ ያለው ይሁን አለ። ነጋዴው ሥዕል ስለማያውቅ በየስልቻው ላይ የሣለው በርበሬውም ኑጉም አይጥ መሰለ። ዳኛው ግን ሕጉ ተፈጸመ ብሎ አለፈው።

በሺ ስምንት መቶ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ዓብዱ የተባለ ነጋዴ ከባሕር ጠረፍ አርባ የቆርቆሮ ጣሳ በግመል አመጣ። ለአንድ የአንኮበር መኰንን ድግስ የታዘዘ የፈረንጅ አተር ነው። በየጣሳው ላይ ባርኔጣ የደፋች ሴት ተሥላለች። ጣሳው ድፍን ሆኖ ዘንጉ አልገባ ሲለው ወልደአረጋይ ተከፋ።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«አተር ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ምን ትሠራለች?»

ዓብዱ ምናልባት የዘራችው እሷ ትሆናለች አለ። ዳኛው አንዱን ጣሳ በመጥረቢያ አስከፈተ። አተር በውሃ ተኝቷል፤ ሴት የለችም። በአንድ ጣሳ መፍረድ ግፍ ነው ብሎ የቀሩትንም አስከፈተ። ዓብዱ ከተከፈተ ይበላሻል ብሎ ቢለምን፣ ደኅና ዕቃ ዳኛ ስላየው አይበላሽም ብሎ መለሰለት።

ሥዕሉና ዕቃው አልተገናኙም ተብሎ ነገሩ ወደ አንኮበር ችሎት ተመራ። ተራው እስኪደርስ ጣሳዎቹ አምስት ቀን በቆላው ሙቀት ቆዩ። በበቅሎ ዳገቱን ሲወጡ ሽታቸው ቀድሟቸው ችሎት ገባ።

ፈራጁ አቶ ወልደ ሰንበት አፍንጫቸውን በኩታቸው ሸፍነው፣ «ይህን ለሰው ልታበላ ነበር?» አሉ።

ዓብዱ ያበላሸው ዳኛው እንደሆነ ተናገረ። ዳኛ ይመረምራል እንጂ ያበላሻል የሚል ሕግ የለም ተባለና ተረታ። ወልደአረጋይ ስለ ትጋቱ ካባ ተሸለመ። እሱ እስኪሻር ድረስ በአልዩ አምባ ማር የሚሸጠው ለምርመራ የዕቃው አፍ ተከፍቶ፣ ዝንብ ወርሮት ነበር።

ዓብዱ ጣሳዎቹን አሳጥቦ ለእህል መስፈሪያ ሸጣቸውና ወደ ጠረፍ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሚበላ ነገር አላመጣም፤ ጠመንጃ ብቻ ነገደ። ሣጥኑ ላይ ምን እንደተሣለ ማንም ጠይቆት አያውቅም።