ሰላምታ ያፈሰሰው መዝሙር

ዛሬ ማለዳ በሕልሜ አንድ ዜማ መጣልኝ። ቃል አልነበረውም፤ ባሮ ሲጎድል አሸዋው ላይ እንደሚሄደው ውኃ ለስለስ ያለ ነበር። ልይዘው ስል ስልኬ ጮኸ። ማንቂያውን አጠፋሁ። ወዲያው ጥቅል ግዢ የሚል መልእክት ገባ፤ እሱን ስዘጋ ደግሞ ባትሪው ሊያልቅ ነው አለኝ። ሁሉንም ጸጥ አሰኝቼ ስመለስ ዜማው የለም። በመስኮት የሚገባው የኒም ዛፍ ሽታ ብቻ ቀረ። ሳላስበው የግራ እጄን አንጓ በቀኝ ጣቴ መታ መታ ማድረግ ጀመርኩ። ይህን ያስለመደችኝ አንዲት ሴት ናት፤ ስሚኝማ ላጫውትሽ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ቢሆን ነው። እናቴ ከአቦቦ የእርሻ መንደር ለቃ ጋምቤላ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ገበያ አትክልት ትሸጥ ነበር። ከሸምበቆ አጥራችን ወዲያ የምትኖረው ጎረቤታችን ኑዌር ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ማማ» ይላታል። የቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር አምጪ ነበረች። አምጪ የምልሽ እሷ «ሠራሁት» ስለማትል ነው። መዝሙሩ ሊነጋጋ ሲል በሕልሟ ይመጣል። ሲመጣም ሕግ አለው፤ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳትለዋወጥ፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ፣ አዚማ ለአንድ ሰው ማስረከብ አለባት። አለዚያ ይጠፋል።

ተቀባይዋ ሴት ልጇ ነበረች። ልጅቷ አግብታ በድንበሯ ከተማ በማታር በኩል ወደ ደቡብ ሱዳን ተሻገረች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ፣ ወሬዋ ጠፋ። ማማ ተቀባይ ስታጣ እኔን መረጠች። ኑዌርኛውን ከልጆች ጋር ስጫወት ለምጄዋለሁ፣ መጻፍም እችላለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ትገባና የግራ እጄን አንጓ ይዛ፣ በጣቷ እየመታች ታዜማለች። ቀሚሷ የዓሣ ጭስና የልብስ ሳሙና ይሸት ነበር። እኔ የእሷን ቋንቋ በአማርኛ ፊደል ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቃል ሲያመልጣት አትቆምም፤ ቦታውን በአፍንጫዋ «እምምም» ብላ ትሞላና ትቀጥላለች።

የዚያን ዓመት መዝሙር ግን ቁርጥራጭ እየሆነ፣ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ስንኝ መጣ። ወንዝ የተሻገረን ልጅ ጠብቅ የሚል ጸሎት ነበር።

«ይኼ ለልጄ ነው» አለችኝ። «መዝሙር ከሰው ሰው ይሄዳል። ማታር ይደርሳል፣ ይሻገራል። መጨረሻው ላይ ስሟ ይመጣል። ስሟን ስትሰማ እናቴ አለች ትላለች።»

«ታዲያ ለምን አሁኑኑ ስሟን አታስገቢውም?»

«ካልሰጡኝ ልስረቅ?»

ያ የመጨረሻ ስንኝ የመጣ ቀን እኔ ቦኖ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። እናቴ ግቢ ትጠርጋለች። ማማ ከንፈሯን ገጥማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ገባች። ሕጉን ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር፤ የምጽፈውን ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው የምትለው።

«እንደምን አደርሽ?» አለች እናቴ። «ልጆቹ ደህና? ቤቱ ደህና? ሙቀቱስ እንዴት አሳደረሽ?» ማማ እጇን አወናጨፈች። እናቴ መጥረጊያዋን ጥላ ትከሻዋን ያዘቻት። «ምነው? ተቀየምሽኝ እንዴ? ወይስ ሰው ሞተብሽ?»

«አይ፣ አልሞተም» አለች ማማ።

ጀሪካኔን ይዤ የደረስኩት በዚህ ጊዜ ነው። ማማ እኔን አይታ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«አፈሰስሽው» አለቻት እናቴን፣ ቀስ ብላ። «ስሟን ይዤ ነበር የመጣሁት።»

ነገሩን ሳስረዳት እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች። «ሰው ደጄ ላይ ቆሞ እንዴት ዝም እላለሁ? ከብት ነኝ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ፣ እጅሽ ይኼን ሁሉ ሲጽፍ አፍሽ ምን ይሠራ ነበር?»

በማግሥቱ እናቴ ማልዳ ገበያ አልሄደችም። በርጩማ አውጥታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች፣ ፀሐይ እስክትወጣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ። መንገድ ላይ ፍየል ብታገኝ ደህንነቷን የምትጠይቅ ሴት እኮ ናት። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላት ራሷን ዝቅ ብቻ ታደርጋለች። «ቲማቲም ተወደደና ኮራች» አሏት የገበያ ጓደኞቿ። ስንኙ ይመለስ እንደሆን ብላ አንድ ወር ያህል እንዲህ ጠበቀች። ማማ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ታያትና ባዶ እጇን ገልበጥ አድርጋ ታሳያታለች። ስንኙ አልተመለሰም።

የመዘምራኑ መሪ መጨረሻውን እኔ ልግጠምላችሁ ቢል ማማ እንቢ አለች። «ያልመጣውን አትሙሉት። በእምምም ይሂድ።» መዝሙሩ እንዲያው እንደ ጎደለ ከማታር ነጋዴዎች ጋር በጀልባ ሄደ።

በቀጣዩ ክረምት አንድ እሑድ ከድንበር ማዶ ወደ ማማ ቤተ ክርስቲያን እንግዶች መጡ። እኔ ከማማ ጎን ነበርኩ፤ እናቴ የራሷ ቤተ ክርስቲያን ስላልሆነ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እንግዶቹ ሴቶች ተነሥተው የእኛን መዝሙር ጀመሩ። እምምም ጋ ሲደርሱ አላንጎራጎሩም፤ ቃል ነበረው።

«ማማ፣ ቃል ሲጠፋሽ በአፍንጫሽ እንደምታዜሚ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል። አለሁ። ወንድ ልጅ አለኝ፤ እጁን እየመታሁ አስተኛዋለሁ።»

የልጇ መልስ ነበር፤ ማማ ግን አላለቀሰችም። የእጄን አንጓ እስኪደነዝዝ ጨምቃ ያዘችው። እናቴ ኑዌርኛውን በደንብ ባትሰማም የማማን ጀርባ አይታ ገባት መሰለኝ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጥታ ቆመች።

በዚያው ሳምንት ማማ ከእንግዶቹ ጋር ወደ ልጇ ሄደች። እናቴ በሶ ቋጥራላት ነበር። ቤቱን ሌላ ሰው ተከራየው፣ የአጥሩም ቀዳዳ ተደፈነ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ እናቴ እግሬን ጎትታ ቀሰቀሰችኝ። «ምን» ልል ስል አፌን በመዳፏ ከደነችው። የግራ እጄን ይዛ መምታት ጀመረች፣ ምቱን እየሳተች። እናቴ ድምፅ አልነበራትም፤ ሻካራ፣ የሚሰበር ነገር ነበር። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የገበያ ኑዌርኛ። እንደምን አደርሽ፣ ልጅሽ ደህና ነው ወይ፣ የልጅ ልጅሽ ደህና ነው ወይ፣ ውኃው እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው። የዚያን ወር ሁሉ የዋጠችው ሰላምታ እየተከታተለ ወጣ። ሲያልቅባት እጄን ለቀቀች።

«ያዝሽው?» አለችኝ።

«ያዝኩት።»

እናቴ ካረፈች ቆይቷል። ማማ አለችበት በተባለው ስልክ ስደውል አንዲት ጨዋ ድምፅ አይገኝም ትለኛለች። ስለዚህ ማታር የሚሄድ ሰው ሳገኝ ሻይ እጋብዝና የእናቴን መዝሙር አዜምለታለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ «እሺ እናቴ፣ አደርሳለሁ» ይለኛል። መጨረሻውን ግን በቃል አልዘጋውም። አንድ ስንኝ የሚያህል ቦታ በእምምም እተዋለሁ፣ ምናልባት ከማዶ የሚጨምርበት ሰው ቢኖር።