ለራስ ምታቴ ሲባል የሞተው አጎቴ

ከሚሴ ውስጥ ከእኔ የሚፈጥን ታይፒስት አልነበረም። ጉራ አይደለም፤ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የከተማው ታይፒስቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ማወዳደሩ ቀላል ነው። የዞናችን ደብዳቤ በኦሮምኛ ይጻፋል፤ ወደ ክልል የሚሄደው ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የጽሕፈት መኪና ተቀምጦ ነበር፤ አንዱ የላቲን፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል። ወንበሬን ወደ ቀኝ ሳዞር ኦሮምኛ፣ ወደ ግራ ሳዞር አማርኛ ነው። ለሌላው ሰው ይከብደው ይሆናል። እኛ ቤት ግን ወሬው በአንዱ ተጀምሮ በሌላው ስለሚያልቅ፣ ጣቶቼም የለመዱትን ነው የሠሩት።

የማይታየው ጓዜ ራስ ምታቴ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ነው። ሲመጣ ያስታውቃል። መጀመሪያ ያዛጋኛል፤ ቀጥሎ በግራ ዓይኔ ጥግ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ይታየኛል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከግራ ቅንድቤ በላይ መውቀጥ ይጀምራል። ያኔ ብርሃን እጠላለሁ፣ ሽታ እጠላለሁ፣ ሰው እጠላለሁ። ቀለል ያለው ሲሆን ጥርሴን ነክሼ እሠራለሁ። በወር አንዴ የሚመጣው ከባዱ ግን ከባልዲ ጋር አልጋ ላይ ይጥለኛል።

ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆ በአፍንጫዬ ገብቷል። ደሟ ረግቶ ነው ተብሎ ዋግምት ተደርጎልኛል። ዓይን ነው ተብሎ አንድ ሸህ ቀርተውብኛል። የጤና ጣቢያው ሰው ደግሞ ኪኒን ሰጠኝና «አታስቢ» አለኝ፤ ከሁሉም የተቀየምኩት እሱን ነው። የሚረዳኝ ሦስት ነገር እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ የጨለመ ክፍል፣ ግንባሬ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ሻሽ፣ እና ማንም እንዳያናግረኝ። ይኼ ሦስተኛው እኛ አገር አይገኝም።

ታይፕ ከመማሬ በፊት ባቲ ውስጥ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ቀጥሮኝ ነበር። በገበያ ቀን ግመሉ፣ ፍየሉ፣ አቧራው፣ ከቆላ የመጣውና ከደጋ የወረደው ሰው አንድ ላይ ሲጯጯህ የኔም ራስ አብሮ ይነሳል። ለሦስተኛ ጊዜ መጋረጃው ሥር ተኝቼ ሲያገኘኝ ሰውዬው «ገበያ ሲደራ ብቻ ነው እንዴ የሚያምሽ?» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ገበያ ሲደራ ብቻ ነበር የሚያመኝ። እሱ ግን ስንፍና ነው ብሎ አሰናበተኝ። ያን ዕለት የተማርኩት፣ መታመም ይቻላል፣ መናገር ግን ያስባርራል የሚል ነው። ትምህርቱ የተሳሳተ እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ደሴ ሄጄ ታይፕ ተማርኩና ከሚሴ አንድ መሥሪያ ቤት ፈተና ተቀመጥኩ። የፈተናው ዕለት ጠዋት ያ ብልጭልጭታ መጣ። ፈታኟ ሴትዮ «ጀምሩ» ስትል ከወረቀቱ ግማሹ አይታየኝም ነበር። የሚታየኝን ግማሽ እያነበብኩ፣ የማይታየኝን አንገቴን እያዞርኩ እየፈለግኩ ጻፍኩ። አንደኛ ወጣሁ። ውጤቱን ሲነግሩኝ ከግቢው ግንብ ጀርባ እያስታወክሁ ነበር። ለቅጥሩ የጤና ማስረጃ አምጪ ሲሉኝ ሳንባዬን አዩ፣ ደሜን አዩ፤ ራሴን ግን ያየ የለም። እኔም አላሳየሁም።

ቅጥሩ የስድስት ወር ሙከራ ነበር። በነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት የሚቀር ሰው ያለ ብዙ ጣጣ ይሰናበታል። አባቴ ሞቶ እናቴን የማኖረው እኔ ነበርኩ። ይኼ ብቻም አይደለም፤ ሥራውን ወደድኩት። የተዝረከረከ የእጅ ጽሑፍ ይመጣልኝና ንጹሕ ሆኖ ከእጄ ይወጣል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ እኔ የታመመችው ልጅ አልነበርኩም። ያንን ወንበር ማጣት ከራስ ምታቱ በላይ ያስፈራኝ ነበር።

ኃላፊያችን ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የፊርማው መዝገብ ላይ ቀይ መስመር የሚያሰምር ሰው ነበር። እኔ ግን አንድ ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሳይመጣ ገብቼ አስቸኳዩን ሁሉ እጨርሳለሁ። ሌላው ቁርሱን በልቶ ሲመጣ የኔ ሥራ ግማሹ አልቋል። ለቀላሉ ራስ ምታት ይኼ በቂ ነበር። ለከባዱ ግን ውሸት ያስፈልጋል።

እኛ አገር ደግሞ መዋሸት ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ ይጠይቅሻል። አንዴ የእህቴ ልጅ አተኮሰው ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ሴቶች ብርቱካን ይዘው ከተፍ አሉ፤ ልጁ ግቢ ውስጥ ይዘላል። «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው» አልኩ። «ማሻአላህ፣ ምን አጠጣችሁት?» ብለው መድኃኒቱን ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ውሸቴን ከከተማ ውጭ ማድረግ እንዳለብኝ ወሰንኩ።

አምስተኛው ወር ላይ ከባዱ እንደገና መጣ። ጠዋት ቢሮ ገብቼ የጽሕፈት መኪናውን ከፍቼ ሳዛጋ አወቅኩት። ብልጭልጭታው ጀመረ። ሰው ከመግባቱ በፊት ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ «አጎቴ በማረፉ ወደ ጨፋ ሮቢት ሄጃለሁ። ለአንድ ቀን ፈቃድ እጠይቃለሁ።» አንድ ፊደል ሳልስት ጽፌ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ኅሊናዬንም አባበልኩት። ጨፋ ሮቢት የነበረ አንድ አጎቴ በእርግጥ ሞቷል፤ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው እንጂ። የሞተን ሰው እንደገና መግደል ኃጢአቱ ቀላል ነው ብዬ ሻሼን አጥብቄ ተኛሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ለቅሶ ያለበትን ሰው ለብቻው የሚተው መሥሪያ ቤት ከሚሴ ውስጥ የት አለ? ከምሳ በኋላ ሒሳብ ሠራተኛው፣ መዝገብ ቤቷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ስኳርና ቡና ይዘው፣ ኃላፊው ራሱ ጋቢና ተቀምጦ፣ በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ተዕዚያ፣ ማለትም ለቅሶ፣ ሊደርሱ ጨፋ ሮቢት ሄዱ። እዚያ ደግሞ ሌላው አጎቴ፣ በሕይወት ያለው፣ ገበያ ላይ በሬ ሊሸጥ ቆሟል።

አሥር ሰዓት ገደማ በራችን ላይ መኪና ሲቆም ሰማሁ። ብዙ እግር ገባ። ቀጥሎ በዓለም ላይ ያን ሰዓት ልሰማው የማልፈልገው ድምፅ መጣ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተለ ቲያ! የሞተው ሰውዬ መጥቷል፣ ተነሽና አልቅሽለት!»

አጎቴ ነው። አካም ጅርታ እንዴት ነሽ፣ ኢንተለ ቲያ ደግሞ ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲቆጣም ሲስቅም እንዲያ ነው የሚለኝ። በሩን ሲከፍተው ብርሃኑ እንደ ጦር ዓይኔን ወጋኝ። ከኋላው ያ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ሰው ቆሟል። እኔ ደግሞ በሻሽ ተጠፍንጌ፣ ባልዲዬ አጠገቤ፣ ፊቴ አመድ መስሎ ተጋድሜያለሁ።

አጎቴ ጨዋታ ካገኘ አይለቅም። መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ለእናቴ ይተርክላት ጀመር። «በሬዬን ይዤ ቆሜ፣ እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። የዚች ልጅ አጎት የለቅሶ ቤት የት ነው ሲሉ ሰው እኔኑ ያሳያቸዋል። ማን ሞተ ብላቸው እኔን! ወላሂ ደንግጬ ደረቴን ዳሰስኩ!» ሒሳብ ሠራተኛው ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። «ኋላ ማን ነገራችሁ ብል፣ እሷ አሉኝ። ይቺ ልጅ ወስላታ አይደለችም፤ ራሷ ተነስቶባት ነው፣ ኑ ላሳያችሁ ብዬ ገበያውን ከነበሬው ትቼ መጣሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት።»

«የሞተ አጎት አለኝ» አልኩ ከሻሹ ሥር።

«መቼ ሞተ?» አለ ኃላፊው።

«ሰባት ዓመቱ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። ባልዲውን አየ፣ የተዘጋውን መስኮት አየ፣ ከዚያ እኔን። በዕፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር፤ ደግሞም ተናድጄ ነበር። ታምሜ ተኝቼ ፍርድ ቤት ቤቴ ድረስ መምጣቱ አናደደኝ።

«ይኼን ያህል እየታመምሽ ለምንድነው ያልነገርሽን?» አለኝ።

«ብነግርዎት ኖሮ ይቀጥሩኝ ነበር?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እሱ ጥያቄውን ከልቡ አሰበበት።

«አልቀጥርሽም ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ወደድኩት። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ነካሽ፣ እንዴት አንቀጥርሽም» ይል ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ውሸታም እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፣ «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሽ» አሉኝ፣ ለለቅሶ የያዙትን ስኳርና ቡና ለእናቴ ሰጥተው ወጡ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ሰላምታዬን መለሰልኝ፣ ከዚያ በላይ ግን ምንም አላለኝም። በሳምንቱም ምንም አላለኝም። ሰዉ ቢሮ በገባሁ ቁጥር «አጎትሽ ደህና ናቸው?» እያለ ያበሽቀኛል፤ «ዛሬም አልሞቱም» እላለሁ። ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በኔ እጅ ነው የሚያልፈው። የሚያሰናብተኝ ደብዳቤ ከተጻፈም ለመጻፍ ወደ እኔው ነው የሚመጣው። ስለዚህ የኃላፊው ረቂቅ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ከላይ ያለውን ስም አያለሁ።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ የፈራሁት ረቂቅ መጣ። ያው የሱ ጠማማ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ከላይ የኔ ስም። ታይፒስት ደብዳቤ አያነብም፣ ቃል በቃል ነው የሚወስደው። እኔም ወረቀቱን አስገብቼ እንደማንኛውም ደብዳቤ ጀመርኩት። በመጀመሪያው አንቀጽ ከእውነት የራቀ ምክንያት በማቅረብ ከሥራ መቅረቴ ተጠቅሶ ተግሣጽ ተሰጥቶኛል። ቢሆንም አላቆምኩም። በሁለተኛው የሥራዬ ጥራትና ፍጥነት ተመስግኗል። በሦስተኛው እንዲህ ይላል፣ በአማርኛ ብመልሰው፤ «በመሆኑም በተሟላ ጤንነት የሙከራ ጊዜያቸውን ስለፈጸሙ ቋሚ ሠራተኛ ሆነው ተመድበዋል።»

ቋሚ የሚለውን ረቂቁ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕንባዬ መጣ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለስኩና «በተሟላ ጤንነት» የሚለውን አየሁት፤ ጣቴ እሱ ላይ እምቢ አለኝ። ረቂቁን ይዤ ገባሁ።

«ይኼን ቃል አልጽፈውም» አልኩት።

አየውና፣ «የሁሉም ሰው ደብዳቤ ላይ ያለ ነው» አለ።

«የኔ ላይ አይኑር። ጤነኛ አይደለሁም።»

«ለራስሽ ብዬ ነው። እኔ ነገ ልዛወር እችላለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ ፋይልሽን ቢከፍት ምን ሊያስብ ነው?»

«ከፍቶ ያንብበው። እንደገና አጎቴን እስክገድል ከምጠብቅ እሱ ይሻላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እውነቱን ይያዝልኝ።»

ረቂቁን እንደገና አነበበው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኔ በሽታ መድኃኒት ይኑረው አይኑረው አላውቅም፣ መደበቁ ግን ሰልችቶኝ ነበር። ቢቆጣና ደብዳቤውን ቀዶ ቢጥለው፣ ስድስት ወር የለፋሁበት ሁሉ እዚያው እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ከጠረጴዛው ፊት አልራቅኩም።

ያንን ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና ቃሉን ሰረዘው። በላዩ ላይ ጻፈ፤ «አልፎ አልፎ በጽኑ ራስ ምታት የሚታመሙ ቢሆንም ሥራቸውን በብቃት ስለፈጸሙ»። ወረቀቱን መለሰልኝ። በሦስት ቅጂ ጻፍኩት፣ ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከባዱ ተነሳ። ሰው ላክሁና «ዛሬ አሞኛል» አስባልኩ፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሻሼን አስሬ፣ መስኮቱን ዘግቼ ተኛሁ። ሕመሙ ያው ነበር፤ አንድም አልቀነሰም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ሳልፈራ ታመምኩ።