ዘጠኝ ነን

በቡፋሎ ከተማ፣ በሄርቴል ጎዳና ምንጣፍ ሲሸጥ ዕድሜውን የጨረሰው ሊዮ ፕላትኪን በሕይወቱ ያለችው ውሸት አንዲት ብቻ ነበረች። ምንጣፉን በሐቅ ለክቶ ይሸጣል፣ ግብሩን በጊዜው ይከፍላል። ሚስቱ ፐርል «ይሄ ቀሚስ አማረብኝ?» ስትለው እንኳ እውነቱን እየተናገረ ስንት ቀን ተኳርፈው እንዳደሩ ጎረቤት ይመስክር። ያቺን አንዲት ውሸት ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ በስልክ ሲዋሽ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአይሁድ ሥርዓት በጉባኤ ለመጸለይ አስር ወንድ መሙላት አለበት። ዘጠኝ ሊቃውንት ቢሰበሰቡ አይሆንም፤ አስር ጫማ ሰፊ ከተገኘ ግን ይሆናል፣ ይሉ ነበር አባቶቻቸው። ሐዘንተኛ ሲኖር ደግሞ ጭንቁ ይብሳል፤ ለሟች የሚባለው ቃዲሽ አስር ካልሞላ አይባልምና። የቡፋሎ ሰው በዚያ ብርድ፣ በረዶው የበሩን እጀታ በዋጠበት ማለዳ፣ ከሞቀ አልጋው ወርዶ እንዲመጣ ማድረግ የዋዛ ሥራ አይደለም። የምኩራቡ የወንዶች ማኅበር ይህን ሥራ ለሊዮ የሰጠው የተለየ ተሰጥኦ አይቶበት እንዳይመስላችሁ። ሥራው የተከፋፈለ ዕለት ከስብሰባው የቀረው እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን በእውነት ሞክሮ ነበር። አንድ ማለዳ አምስት ሆነው ተፋጠው ቢቀሩ፣ በምኩራቡ ምድር ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወዳለው ስልክ ሄዶ ለጥርስ ሐኪሙ ለሼልደን ግሮስ ደወለ።

«ስንት ናችሁ?» አለው ሼልደን፣ አንድ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ።

አምስት ነን ቢለው ተመልሶ እንደሚተኛ ከድምፁ ገባው።

«ዘጠኝ ነን።»

ሼልደን ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ ከች አለ። ሊዮ ቀጥሎ ለሌላው ደወለ፤ «ዘጠኝ ነን»። ለሚቀጥለውም «ዘጠኝ ነን»። የመጣው ሁሉ ጥቂት ሰው አይቶ ግራ ሲጋባ፣ ሊዮ «ሌሎቹ እየመጡ ነው» ይላል፤ እውነትም ይመጣሉ። እየተንጠባጠቡም አስሩ ሞሉ። አስረኛ መሆን ትልቅ ነገር ነው፤ ያላንተ የማይሆን ነገር በዓለም ላይ ስንት አለ? ስድስተኛ ለመሆን ግን ማንም ከአልጋው አይወርድም። ሊዮ ይህን ሚስጥር ያወቀ እሱ ብቻ መስሎት ኮራ።

ሰውን ደግሞ እንደ ከብት በቁጥር አይቆጥሩም፤ ነውር ነው። ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ጥቅስ አለ፣ በእነሱ ቋንቋ ልክ አስር ቃል የሆነ፤ ሕዝብህን አድን፣ ርስትህን ባርክ፣ ጠብቃቸው፣ ከፍ አድርጋቸው እስከ ዘላለም የሚል። ሊዮ በጣቱ እየዞረ ለአንድ ሰው አንድ ቃል ያድላል። አራት ሲሆኑ ጥቅሱ «ባርክ» ላይ ይቆማል። ዘጠኝ ሲሆኑ «እስከ» ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እስከ ምን? አስረኛው ገብቶ ኮፍያውን ሲያወልቅ ነው ሊዮ «ዘላለም!» ብሎ የሚገላገለው።

ከጸሎት በኋላ ቁርስ ነበር። በሆምጣጤ የተዘፈዘፈው ዓሣ፣ ጥቁር ዳቦ፣ ለጉሮሮ የምትሆን ጠብታ ውስኪ። የወጥ ቤቱ አዛዥ ሞርት ዛክስ ነው፤ ሥጋ ሻጭ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ስስ። ከዓሣው ጋር የሚበላውን ሽንኩርት ግን ፐርል ነበረች ቤቷ ከትፋ በጠርሙስ የምትልከው፣ ወዲያ ማዶ እስኪያሳይ አሳስታ።

«ሽንኩርቴ ከአስሩ ጋር ይቆጠራል?» ትላለች ለሊዮ ጠርሙሱን ስታስይዘው።

«አይቆጠርም።»

«እኔስ?»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ፣ ፐርል።»

«ሞርት ዛክስ ቆሞ ሲያንኮራፋ ይቆጠራል፣ እኔ ግን በዕንባዬ ሽንኩርት ከትፌ አልቆጠር! ይሁን፤ ፈጣሪ የራሱ ቆጠራ አለው።»

ደግ ጊዜ ነበር። ማኅበሩ የማይገባበት ነገር አልነበረም። ለዳስ በዓል ሳንቃውን ከምድር ቤት አውጥተው ዳሱን ይተክላሉ፤ በየዓመቱም የትኛው ሳንቃ የት እንደሚገባ ተጨቃጭቀው በየዓመቱ አንድ ሳንቃ ይተርፋል። ሚስት የሞተችበትን እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ዓይኑ የደከመውን በመኪና ያደርሳሉ። በክርስቲያኖቹ የገና ቀን ደግሞ፣ ሠራተኞቹ ቤታቸው በዓሉን እንዲውሉ ብለው፣ ሆስፒታል ገብተው ሳህን ያጥባሉ፣ ምግብ ያመላልሳሉ። አንድ ገና ላይ ሞርት ጥቁር ልብሱንና ጥቁር ቆቡን እንዳደረገ ሾርባ ይዞ ቢገባ፣ አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ቄስ መጣልኝ ብለው እጁን ለቀም አደረጉና ኃጢአታቸውን ይዘከዝኩለት ጀመር። ሞርት ምን ያድርግ? ሾርባው እየቀዘቀዘ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«ምን አልካቸው?» አለው ሊዮ ወደ ቤት ሲመለሱ።

«በእኔ በኩል ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አሁን ሾርባዎን ይጠጡ አልኳቸው።»

ሊዮ መኪናውን ዳር አስይዞ እስኪበቃው ሳቀ። እንደዚያ የሚሳቅበት ዘመን ዳግመኛ አልመጣለትም።

የሊዮን ውሸት ፐርል ከጅምሩ ታውቃለች። ስምንት ብቻ እየሆኑ የተቸገሩበት አንድ ሳምንት ነበር፤ ሊዮ ቤቱ ሆኖ ለአራት ሰው «ዘጠኝ ነን» ሲል እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማዋለች። ስልኩን ሲዘጋ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ሊዮ፣ ለማንም ዋሽ። የእኔ ቀን ሲደርስ ግን እንዳትዋሽ። ለእኔ በእውነት የሚመጣ ይምጣ፤ ካልመጣም ይቅር።»

«ምን ሟርት ነው በጠዋቱ?»

«ቃል ግባልኝ።»

ገባላት። ሽንኩርቱ ነው እንጂ አላለቀስኩም ብላ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

ፐርል በጥር ሞተች። የሐዘኑ ሰሞን ሰው እንደ ጎርፍ ይመጣ ስለነበር ስልክ አላስፈለገም። ከዚያ በኋላ ግን ዓመቱ ክፉ ሆነ። ከማኅበሩ ገሚሱ ፀሐይ ፍለጋ ፍሎሪዳ ገባ፣ ገሚሱን አፈር በላው። ሊዮ ለሌሎች ሐዘንተኞች እየደወለ መዋሸቱን አልተወም፤ ባዶ ቤት ውስጥ በማለዳ የሚነሳበት ሌላ ምክንያት አልነበረውም። የፐርል ሙት ዓመት ሲቃረብ ግን እንቅልፍ አጣ። አስር ሰው በእውነት ከየት ይመጣል? ካልመጣ ደግሞ በሙት ዓመቷ ቃዲሽ ሳይባልላት መቅረቱ ነው።

ያን ዕለት ሰማዩ ተቀዶ በረዶ ያወርድ ነበር። ሊዮ ምኩራብ ሲደርስ ያገኘው ሞርትንና ሁለቱን ወንድማማቾች፣ ፎግሎችን ብቻ ነው። ፎግሎች በአባታቸው ሱቅ የተነሳ ከተኳረፉ ዘመናት አልፈዋል፤ ግን አንዱ ካለ ሌላው አይቀርም።

«ለወንድሜ ንገርልኝ፣ በሩን ይዝጋ፣ ብርድ አስገባ» ይላል ታላቁ ለሞርት።

«እግሩ ካልተሰበረ ራሱ ይዝጋ በልልኝ» ይላል ታናሹ፣ ለዚያው ለሞርት።

ሊዮ ቆጠረ። «ባርክ» ላይ ቆመ። ወርዶ ስልኩን አነሳ።

«ሼልደን፣ ሊዮ ነኝ።»

«አውቃለሁ አውቃለሁ፣ ዘጠኝ ናችሁ። ሱሪዬን ላግኝና...»

«አይ። አራት ነን።»

አልጋው ሲንቋቋ በስልኩ ተሰማ።

«አራት?»

«አራት።»

«ውይ፣ እንግዲያው ዛሬ ቀርቷል ማለት ነው። በዚህ በረዶ እንኳንም ቀረ! አንተም ግባና ተኛ ሊዮ፣ ጉንፋን እንዳይዝህ።» ዘጋው።

ለሌላው ደወለ፤ ያም «ተገላገልን» ብሎ አመሰገነው። ሦስተኛው «ዘጠኝ ስትሆኑ ንገረኝ» አለው። የፐርል ሙት ዓመት ነው ለማለት አፉ አልታዘዝ አለው። ለሰው ሐዘን ሲለምን ድንጋይ የሚያለሰልሰው ምላሱ፣ ለራሱ ሲሆን እንደ ልጅ አፈረ።

«ስጠኝ!» አለ ተከትሎት የወረደው፣ የቃሉንም ነገር የሚያውቀው ሞርት፣ ስልኩን ሊቀማው እየታገለ። «እኔ ልዋሽልህ፤ እኔ ለማንም አልማልኩ!»

«በፐርል ቀን አይዋሽም።»

«አንተ በቅሎ! ሴትዮዋ ስትቀልድ ነው እኮ!»

«አልቀለደችም፣ ሞርት። ፊቷን አይቼዋለሁ።»

ሞርት ስልኩን ለቀቀው። ወደ ላይ ወጡና ተቀመጡ። ፎግሎች እንኳ መነቋቆራቸውን ተዉ። ሊዮ የጸሎት ሻሉን ማጠፍ ጀመረ። አንድ ዓመት ሙሉ ያላለቀሰውን ልቅሶ እዚያው ሊለቀው ምንም አልቀረውም።

ያኔ ውጭ መኪና ሲያጓራ ተሰማ። በሩ ተበረገደና ሼልደን ግሮስ በረዶ ለብሶ ነጭ ሆኖ ገባ፤ ከኋላው ሌሎች አራት፣ በአንድ መኪና ተጣበው የመጡ። ሼልደን በቀጥታ ሄዶ የሊዮን የእጅ ትርታ ያዘ።

«ምን ሆነህ ነው? የት ጋ ነው የሚያምህ?»

«ምንም አላመመኝም!»

«ታዲያ አራት ነን ምን አመጣው? ለሚስቴ ለሮዳ ‹ሊዮ አራት ነን አለ› ብላት ብርድ ልብሱን ገፈፈችኝ! ‹ይሄ ሰው ወይ ልቡን ታሟል ወይ አእምሮውን ስቷል፣ ተነሥ!› አለችኝ። ከዚያ ራሷ ‹ቆይ፣ ቆይ፣ የፐርል ቀን አይደል እንዴ?› ብላ ሰውን ሁሉ በስልክ ቀሰቀሰች። መኪናዋ የቻለችውን ያህል ጭኜ መጣሁ።»

ሊዮ ሻሉን እንደያዘ ቀረ።

«ዘጠኝ ነን ስላችሁ... ዘጠኝ እንዳልሆንን ታውቁ ነበር?»

አምስቱም ተያዩና ሳቁ።

«ሊዮ፣ የሰው ጥርስ ስቆጥር ነው የምውለው» አለ ሼልደን። «ገብቼ አምስት ሰው ሳይ አምስት መሆኑ ይጠፋኛል? ፐርል ነግራን ነበር እኮ፣ ገና ድሮ፣ በሚስቶቻችን በኩል። ‹ሊዮ ዘጠኝ ነን ካለ ሰው ቸግሮታል ማለት ነው፤ ሂዱለት፣ እንዳወቃችሁም እንዳትነግሩት፣ ደስ ይለዋል› ብላ። አራት ስትል ግን ምን ማለትህ እንደሆነ ከየት እንወቅ? ጸሎቱ የተሰረዘ መሰለን!»

ሊዮ አግዳሚው ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ያታለለው ሰው አልነበረም። ይቺ ሴት በአንድ እጇ ውሸቱን ስትጠብቅለት፣ በሌላው ሽንኩርት ስትከትፍ ኖራለች። ናፈቀችው።

«ቁጠር እንጂ» አለ ሞርት፣ አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ።

ሊዮ ተነሥቶ ጣቱን አዞረ። ቃሉ «እስከ» ላይ ቆመ። እንደገና ቆጠረ፤ «እስከ»። ዛሬ በእውነት ዘጠኝ ናቸው። ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወርዶ፣ ከመንገዱ ማዶ የልብስ ማጠቢያ ቤት ላለው ለአብነር ሉኒክ ደወለ።

«አብነር፣ ሊዮ ነኝ። ዘጠኝ ነን።»

«እሺ እሺ» አለ አብነር እያዛጋ። «አምስት ናችሁ ስድስት?»

«ዘጠኝ!»

«ሊዮ፣ ኧረ በዚህ ዕድሜያችን...»

«ፐርልን! ዘጠኝ ነን!» ጮኸ ሊዮ። ዕንባው ወረደ፣ ደግሞም ይስቃል።

«አንተ ሽማግሌ ውሸታም፣ ዛሬ ደግሞ በሚስትህ መማል ጀመርክ? መጣሁ፣ መጣሁ፣ ጫማዬን ላድርግ።»

በቆሙበት ጠበቁት። በረዶው በመስኮቱ በኩል ሲወርድ ይታያል። አብነር ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ገብቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ አራገፈና ሰዎቹን አየ። በዓይኑ ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ሊዮ ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ። «ዘላለም» አለ።

ከዚያም ሻሉን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ቆመና ለፐርል ቃዲሽ አለ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ተቆረጠ፣ ቀጥሎ ግን ጠና። የሚያርፍበት ቦታ ሲደርስ፣ ዘጠኙም «አሜን» አሉ።