እስከ ሦስት ወር የማይነካ ገንዘብ

ሰውየው የተቀመጠው ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። ኮቱ ተተኩሷል፤ አንገቱ ላይ ግን በችኮላ የተላጨበት ጭረት ይታያል። አሮጊት እናቱን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አሳርፎ ነው ወደ ባንኩ ሠራተኛ የቀረበው። የእናቱ ቤት ተሸጧል። ገንዘቡን ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ ላስገባው ወይስ የመንግሥት የአጭር ጊዜ ሰነድ ልግዛበት ብሎ ሲጠይቅ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰነዱ ወለዱ ከፍ ይላል፤» አለችው ሠራተኛዋ። «ግን ሦስት ወር እስኪሞላው አይነካም። ቁጠባውን ባሰኘዎት ቀን ያወጡታል። እናቴ ታማለች ብለውኛል፤ ለሕክምና ድንገት ቢያስፈልግስ?»

«ግድ የለም፣ ሰነዱ ይሁን። ሐኪሙ እስከዚያ መቆየቷን እንጃ ብሎኛል።»

ምን እንዳለ የገባው ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሠራተኛዋ አቀርቅራ እስክሪብቶዋን መፈለግ ጀመረች፤ እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር። ሰውየው ፊቱ እሳት ሆነ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዞር ሲል እናቱ ከሩቅ ፈገግ አሉለት፤ ሻርፓቸውን ሰብስበውም አጠገባቸው ቦታ አበጁለት።

«ይቅር፤ ቁጠባው ይሁን፤» አለ ቀና ሳይል።

ጨርሶ አጠገባቸው ሲቀመጥ እናቱ ጠየቁት።

«የቱ ይሻላል አሉህ፣ ልጄ?»

«ያው ነው እማዬ፤ ልዩነት የለውም።»

«ታዲያ እንዲህ ላብ በላብ የሆንከው ምነው?» አሉና በሻርፓቸው ጫፍ ግንባሩን ይጠርጉለት ጀመር። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።