ባዶ የመሰሉኝ ጣሳዎች

ልጄ ከአዲስ አበባ ማቻ የሚባል አረንጓዴ የሻይ ዱቄት አምጥታ አሠራሩን አሳየችኝ፤ ማንጎ ጨፍልቆ ብርጭቆ ውስጥ መጨመር፣ ወተት ማፍሰስ፣ በሙቅ ውሃ የተመታውን ማቻ ከላይ ማንቆርቆር። ሻይ በማንጎ ይጠጣል እንዴ ብዬ ተሳለቅሁባት፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ለመድኩት።

ትናንት ጠዋት ማቻው ሲያልቅብኝ ስልክ ደወልኩላት። «ትርፉን በጣሳ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬልሻለሁ» አለችኝ። መደርደሪያው ላይ እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም ያልነካቸው የወተት ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ እሷ ባዶ ጣሳ መጣል አይሆንላትም ነበር። ዳር ያለውን ስከፍት አረንጓዴ ዱቄት አገኘሁ። ብመታው ብመታው አልሟሟ አለኝ፤ ላዩ ላይ ሰፈፈ። ችኩል ነኝና ማንጎውና ወተቱ ላይ አፍስሼ ተጎነጨሁ።

ጌሾ ነው። ምሬቱን አውቀዋለሁ፤ የእናቴ ጠላ ምሬት ነው።

ታማ በተኛች ጊዜ «ለተዝካሬ ጠላ የሚሆን ጌሾ ወቅጬ አስቀምጫለሁ፤ የገበያውን እንዳትገዙብኝ» ብላኝ ነበር። «ሟርትሽን አልሰማም!» ብዬ ጮኼባት፣ የት እንዳለ እንኳ ሳልጠይቃት ወጣሁ። ለአርባዋ በየማድጋውና በየጆንያው ፈልገን አጣነው። ከደምበጫ ገበያ ገዛን። ጠላው ቀጠነ፤ ዘመዶቿም ለይሉኝታ ቀምሰው አስቀመጡት።

ብርጭቆውን እንደያዝኩ የቀሩትን ጣሳዎች አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ከልጄ ማቻ በቀር ሁሉም እስከ አፋቸው በጌሾ የተሞሉ ነበሩ።