የአክስቴ የክርስትና ስም

የአባቴ ታላቅ እህት ማንንም በመጠሪያ ስሙ አይጠሩም ነበር። የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም ያውቃሉ። እኔንም «ወለተ ማርያም» ይሉኝ ነበር፤ ከእርሳቸው በቀር በዚህ ስም የሚጠራኝ አልነበረም።

ልጄን ስወልድ ሥራ በዝቶብኝ፣ «ስም አውጥተንላታል፤ ክርስትናው ይቆይ» አልኳቸው።

«ስም የምታወጡላት እናንተ ናችሁ፤ ልጅነት የምታገኘው ግን በጥምቀት ነው። ሰማንያ ቀኗን አታሳልፊባት፤ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ» አሉኝ በእርጋታ። በቀኑ ከሉማሜ በጠዋት አውቶቡስ ደብረ ማርቆስ መጡና ልጄን ከውሃው በነጠላቸው ተቀበሏት።

ባለፈው ወር አረፉ። ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነውና ቄሱ ስማቸውን ጠየቁን። አንዳችንም «የእርስዎስ ማን ነው?» ብለን ጠይቀናቸው አናውቅም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ጎረቤታቸው ወደ ቄሱ ጠጋ ብለው ነገሯቸው። የአክስቴን የክርስትና ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በዚያ ጸሎት ውስጥ ነው።