ለፕሮፌሰሩ የቀረላቸው ቋንቋ

ፕሮፌሰሩ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መምህሬ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት የቋንቋዎችን መዋቅር ሲያጠኑ ነው። «ድምፅ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ዋጋ የሚኖረው ከሌላው ሲለይ ነው» ይሉን ነበር። የደቡብ ቋንቋዎቻችንን የሚያጠና ሁሉ ዛሬም የሚሄደው እሳቸው በቀየሱት መንገድ ነው።

ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታቸው። ልጠይቃቸው ቀጨኔ ስሄድ ባለቤታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው፤ የተዋወቁትም ፕሮፌሰሩ የሸማኔዎቹን የደቡብ ቋንቋ ሲያጠኑ ነው።

«አማርኛው ጠፋበት» አሉኝ። «የእኔንም ቋንቋ ረሳው። የቀረለት ኦሮምኛ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ አልሰማም።»

ፕሮፌሰሩ እዚሁ ጉለሌ፣ ተራራው ግርጌ፣ በኦሮምኛ አፋቸውን እንደፈቱ አውቃለሁ። ሲናገሩት ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ለልጆቻቸውም አላስተማሩም። አንዴ ለምን እንደማያጠኑት ብጠይቃቸው «የራሴን ቋንቋ ጡረታ ስወጣ አጠናዋለሁ» ብለውኝ ነበር።

ልጠይቃቸው በሄድኩ ቀን ፕሮፌሰሩ በኦሮምኛ አንድ ነገር ደጋግመው አሉኝ። እያንዳንዱን ድምፅ አጥርቼ እሰማለሁ፤ እንደዚያ መስማት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትርጉሙን ግን አላውቀውም። ውሃ ሰጠናቸው፣ ገፉት። ትራሳቸውን አስተካከልን፣ አለቀሱ። በመጨረሻ ባለቤታቸው ሮጠው ኦሮምኛ የሚናገሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ጠሩ።

«በረደኝ ነው እኮ የሚሉት!» አሉ ሴትዮዋ። «መስኮቱን ዝጉላቸው።»

ዘጋሁት። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ እየመጡ ያጫውቷቸው ጀመር። አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ከት ብለው ሲስቁ ሰማኋቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የሴትዮዋ ቤት ፈረሰ፤ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸውና ሄዱ። በስልክ ብናገናኛቸውም ፕሮፌሰሩ ስልኩን እያዩ ዝም አሉ።

እኔም አንድ የሥራ ባልደረባዬን ለምኜ ኦሮምኛ መማር ጀመርኩ። «አመመዎት?»፣ «ራበዎት?» ማለት ስችል እሳቸው መናገሩን ትተውት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይውላሉ። ብጠራቸውም አይዞሩም።

ከጥምቀት በኋላ አረፉ። ቀብሩ ላይ የሥራ ታሪካቸው ሲነበብ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከሠልስቱ ማግስት ባለቤታቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ሊሞት ሲል እጄን ይዞ አንድ ነገር አለኝ» አሉ። «እስቲ ምን ማለት እንደሆነ ንገረኝ።»

የሰሙትን አሉልኝ። አልገባኝም።

«እባክዎ ይድገሙልኝ።»

ደገሙት፤ ሌላ ቃል ሆነ። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ሞከሩ፤ እሱም ሌላ ሆነ።

«ጠፋኝ» አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።